አዲስ ባንክ ሲከፈት ለደንበኛው ምን ይለወጣል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ10 በላይ አዳዲስ ባንኮች ሥራ ጀምረዋል። ዘምዘም፣ ሂጅራ፣ ጎህ ቤቶች፣ አማራ፣ አሐዱ፣ ፀሐይ፣ ስንቄ፣ ፀደይ፣ ገዳ፣ ራሚስ እና ሸበሌ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ቆጣቢዎች፣ ነጋዴዎች እና ተበዳሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው።

አዲስ ባንክ ወደ ገበያው ሲገባ ደንበኛው ቀድሞ የሚያየው ለውጥ ምንድን ነው?

አገልግሎቱ ነው፤ ዋጋው ቆይቶ ይመጣል፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይመጣም። በአንድ ሠፈር ሁለት ባንኮች በነበሩበት ሦስተኛው ሲከፈት ወረፋው ያጥራል። ሥራ አስኪያጁ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ሂሳብ ማስከፈት ይጀምራል፣ ቅዳሜ ከሰዓት የማይሠራው ቅርንጫፍ መሥራት ይጀምራል፣ ነጋዴው የዕለት ሽያጩን ይዞ ሲመጣ ገንዘብ ቆጣሪው ቶሎ ያስተናግደዋል። የቁጠባ ወለድና የብድር ወለድ ግን በአብዛኛው ባሉበት ይቆያሉ።

ይህ ለውጥ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሕንፃ ሥር ሦስት አራት ባንኮች ተደርድረው ስለሚገኙ አንድ ተጨማሪ ቅርንጫፍ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። አንድ ባንክ ብቻ ባለባት የወረዳ ከተማ ግን ሁለተኛው ሲገባ የገበሬውም የነጋዴውም አቅም በአንድ ጊዜ ይጨምራል፤ ሌላ የሚሄድበት ቦታ ያለው ሰው ደጅ አይጠናም።

ፉክክሩ ከበዛ የቁጠባ ወለድ ለምን በደንብ አይጨምርም?

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳድጓል። ይህ ወለል ነው፤ ከዚያ በላይ መክፈል የሚከለክለው የለም። ያም ሆኖ አብዛኞቹ ባንኮች ለተራው ቆጣቢ ከወለሉ እምብዛም አልራቁም።

ምክንያቱ ሒሳብ ነው። 100,000 ብር በ7 በመቶ ቢቀመጥ በዓመት ግብር ሳይቀነስ 7,000 ብር ያስገኛል፣ በ8 በመቶ ደግሞ 8,000 ብር። ልዩነቱ በወር 83 ብር ገደማ ነው። ለ83 ብር ብሎ ደመወዝ የሚገባበትን፣ ቤተሰብ የሚያውቀውን የሂሳብ ቁጥር የሚቀይር ሰው ጥቂት ነው፤ ባንኮቹም ይህን ያውቁታል። በሌላ በኩል ባንኩ የቁጠባ ወለዱን በ1 በመቶ ከፍ ካደረገ ጭማሪውን የሚከፍለው ለአዲስ መጪዎች ብቻ አይደለም፤ ዱሮም ለነበሩትና ያለ ጭማሪው ለማይሄዱት ሁሉ ነው። 10 ቢሊዮን ብር የቁጠባ ተቀማጭ ላለው ባንክ ይህ በዓመት 100 ሚሊዮን ብር ተጨማሪ ወጪ ነው።

ስለዚህ ባንኮች ለሁሉም ከማሳደግ ይልቅ ሊሄድ ለሚችለው ብቻ ለይተው ያሳድጋሉ። መሣሪያቸው የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ነው፤ ይህም እስከተወሰነ ቀን ላለማውጣት ተስማምተው የሚያስቀምጡት ገንዘብ ነው። እዚህ ላይ ወለዱ የድርድር ነው፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቅርንጫፍ ሁለት ደንበኞች የተለያየ ወለድ ይዘው ሊወጡ ይችላሉ።

የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ላይ እንዴት ልደራደር?

ከሁሉ በፊት ጊዜውን ይምረጡ። የባንኮች የሂሳብ ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 23 ነው። ቅርንጫፎች በዓመቱ የተቀማጭ ዕቅዳቸው የሚመዘኑት በዚያ ቀን ስለሆነ በግንቦትና በሰኔ የሥራ አስኪያጁ ፍላጎት ከፍ ይላል። በሐምሌ ያንኑ ብር ይዘው ቢሄዱ የሚሰጥዎት መልስ የቀዘቀዘ ሊሆን ይችላል።

ቢያንስ ከሦስት ባንኮች፣ ከእነሱም አንዱ ከአዲሶቹ ሆኖ፣ ዋጋ ይጠይቁ። ያገኙትንም በጽሑፍ ይያዙ። በ10 ሚሊዮን ብር ላይ በ10 እና በ13 በመቶ መካከል ያለው ልዩነት በዓመት 300,000 ብር ነው፤ ይህን ያህል ገንዘብ በቃል ተስፋ ላይ አይጣልም። ከመፈረምዎ በፊት ሦስት ነገሮች ተጽፈው ይዩ፦ ወለዱ የሚከፈለው በየወሩ ነው ወይስ በመጨረሻ? ቀኑ ሳይደርስ ቢያወጡት ምን ያጣሉ? ቀኑ ሲደርስ ደግሞ በራሱ ይታደሳል ወይስ ወደ ቁጠባ ሂሳብ ይዞራል?

ብዙ ሰው የሚጎዳው በመጨረሻው ነው። ውሉ ሲያልቅ ማንም ሳይጠይቀው በዝቅተኛ ወለድ ይታደሳል፣ ወይም በ7 በመቶ ቁጠባ ላይ ወራት ይቀመጣል። ከማብቂያው 10 ቀን በፊት ስልክዎ ላይ ማስታወሻ ያድርጉ።

አዲሱ ባንክ ደንበኛ የሚያገኘው ከየት ነው?

በዋናነት ከሌሎች ባንኮች ነው፤ መንገዶቹም የታወቁ ናቸው።

የመጀመሪያው የባለአክሲዮኖች መረብ ነው። አማራ ባንክ ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከ70 በላይ ቅርንጫፎችን በአንድ ጊዜ ከፍቷል። ይህን ያስቻለው ቀድሞ አክሲዮን የገዛው እጅግ ብዙ ሕዝብ ነው፤ ባለአክሲዮን ማለት ሂሳብ የሚከፍት፣ ዘመዱንም የሚያስከፍት ሰው ነው። ከማይክሮ ፋይናንስ ወደ ባንክ ያደጉት ስንቄ፣ ፀደይ እና ኦሞ ደግሞ ከዚህም የተሻለ መነሻ ነበራቸው፤ በገጠር ለዓመታት ያበደሯቸው ደንበኞችና የተዘረጉ ቅርንጫፎች ይዘው ነው የገቡት። በስም አዲስ ይባሉ እንጂ ከዜሮ የሚነሳ ባንክ ያለበት ችግር እነሱን አይመለከትም።

ሁለተኛው ሠራተኛ ነው። አዲስ ባንክ ከነባሮቹ የብድር መኮንኖችንና የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆችን በደመወዝና በዕድገት ይወስዳል፤ እነሱም ሲሄዱ የሚያውቋቸው ነጋዴዎች ይከተሏቸዋል። ለደንበኛው አንድ ማሳሰቢያ አለን፦ ሰውየውን መከተል ይቻላል፣ የብድር ፋይልዎ ግን አብሮት አይሄድም። ለዓመታት የገነቡት የሂሳብ እንቅስቃሴ ነባሩ ባንክ ጋር ነው የሚቀረው። ብድር ለመጠየቅ ካሰቡ ቢያንስ ያለፉትን 12 ወራት የሂሳብ መግለጫ በማኅተም አስደግፈው ይውሰዱ።

ሦስተኛው ደመወዝ ነው። 800 ሠራተኛ ያለው ፋብሪካ ደመወዙን በአዲሱ ባንክ ለመክፈል ከተስማማ በአንድ ፊርማ 800 ሂሳብ ይከፈታል። ለዚህ ሲባል ባንኮች ለአሠሪው የተሻለ ወለድ፣ ለሠራተኛው ደግሞ የደመወዝ ብድር ያቀርባሉ። እዚህ ላይ ሠራተኛው ራሱ አልመረጠም፤ የፉክክሩ ጥቅም ወደ አሠሪው ሊያደላ ይችላል። የሠራተኛ ማኅበር ካለ የደመወዝ ብድሩ ወለድና የመክፈያ ጊዜ በስምምነቱ ውስጥ እንዲገባ መጠየቅ ያለበት ከመፈረሙ በፊት ነው።

አራተኛው መንገድ ደግሞ ከሌላ ባንክ የማይነጥቀው ነው፦ ቀድሞ ባንክ ያልነበረውን ሰው ማምጣት። የዚህ ግልጹ ምሳሌ ከወለድ ነፃ ባንክ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዓ.ም. ነባር ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት (በቅርንጫፋቸው ውስጥ ለብቻው የሚሰጥ አገልግሎት) እንዲከፍቱ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ እንዲቋቋም ፈቀደ። ዘምዘም በ2013 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሆኖ ሲከፈት በእምነቱ ምክንያት ገንዘቡን ቤቱ ያስቀምጥ የነበረ ሰው ወደ ባንክ መጣ። ነባሮቹም መስኮት የነበረውን ወደ ሙሉ ቅርንጫፍ ማሳደግ ያዙ። ለእኛ የአዲስ ባንክ መምጣት በጎ ፍሬ በጉልህ የሚታየው እዚህ ነው፤ ገበያውን ከመከፋፈል አልፎ አስፍቶታል።

አዲስ ባንክ ብድር በቀላሉ ይሰጣል?

ለመካከለኛና ለአነስተኛ ነጋዴ አዎ ሊሆን ይችላል፤ ለትልቅ ድርጅት ግን ገደብ አለበት። አንድ ባንክ ለአንድ ተበዳሪ ሊሰጥ የሚችለው ከካፒታሉ እስከ 25 በመቶ ነው። ካፒታሉ 700 ሚሊዮን ብር የሆነ ባንክ ለአንድ ደንበኛ ከ175 ሚሊዮን በላይ ማበደር አይችልም፤ 5 ቢሊዮን ያለው 1.25 ቢሊዮን ድረስ ይችላል። ትልልቅ አስመጪዎችና አምራቾች ወደ አዲሶቹ ሙሉ በሙሉ የማይዞሩት ለዚህ ነው።

ሌላው ማነቆ የብድር ዕድገት ጣሪያ ነው። ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ፤ ጣሪያው በኋላ ከፍ ብሏል። እንዲህ ያለ ጣሪያ አዲስ ገቢውን ከነባሩ ይበልጥ ይጎዳዋል። 100 ቢሊዮን ያበደረ ባንክ በ14 በመቶ 14 ቢሊዮን አዲስ ብድር ይሰጣል፣ 2 ቢሊዮን ብቻ ያበደረ ባንክ ግን 280 ሚሊዮን። ተቀማጭ ሰብስቦ ማበደር ያልቻለ ባንክ ደግሞ በተቀማጭ ወለድ መፎካከሩን ለመቀጠል ይቸገራል።

ስለዚህ አዲስ ባንክ «ሂሳብ ክፈት፣ ስድስት ወር አንቀሳቅስ፣ ብድር እንሰጥሃለን» ሲልዎት የሚጠይቁት ጥያቄ ይህ ይሁን፦ በዚህ የሂሳብ ዓመት ለእኔ ዓይነት ብድር የተመደበው ኮታ አላለቀም ወይ? ቅርንጫፉ ካላወቀ ዲስትሪክቱን (የቅርንጫፉን የበላይ ጽሕፈት ቤት) ይጠይቁ። ኮታው ካለቀ የሚያስገቡት ማመልከቻ እስከ ሐምሌ ድረስ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚተኛው።

ያለብኝን ብድር ወደ አዲሱ ባንክ ማዘዋወር እችላለሁ?

ይቻላል። አዲሱ ባንክ ዕዳዎን ለነባሩ ከፍሎ መያዣውን ይረከባል። ሥራው በተለምዶ እንዲህ ይሄዳል።

ከሁሉ በፊት ያለዎትን የብድር ውል አውጥተው ከጊዜው በፊት ለሚከፈል ብድር ቅጣት መኖሩን ያንብቡ። ቀጥሎ ከነባሩ ባንክ የቀሪ ዕዳ መግለጫ ይጠይቁ፤ ዋናው ብድር፣ የተጠራቀመው ወለድ እና መግለጫው የተሰላበት ቀን ተለይተው መጻፍ አለባቸው። አዲሱ ባንክ የብድር ታሪክዎን ከብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ያያል፤ በሌላ ባንክ የዘገየ ክፍያ ካለ እዚያ ይገኛል። ከዚያ የራሱን መሐንዲስ ልኮ መያዣውን ያስገምታል። ብድሩ ሲጸድቅ ለነባሩ ባንክ ዕዳውን እንደሚከፍልና ካርታውን እንደሚረከብ በደብዳቤ ያረጋግጣል፣ ይከፍላል፣ ነባሩ ባንክ ለመሬት አስተዳደር የዕግድ ማንሻ (መያዣው እንዲለቀቅ የሚጠይቅ ደብዳቤ) ይጽፋል፣ አዲሱ ዕግድ ይመዘገባል። መያዣው መኪና ከሆነ ይኸው ሥራ በትራንስፖርት ቢሮ ይፈጸማል።

የሚሰናከለው ብዙ ጊዜ በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ግምቱ ነው፦ የአዲሱ ባንክ መሐንዲስ ቤቱን ከቀድሞው ግምት አሳንሶ ሊገምተው ይችላል፤ ያኔ የሚጸድቀው ብድር ዕዳውን አይሸፍንም፣ ልዩነቱን ከኪስ ማሟላት ይመጣል። ሁለተኛው የቀን ወለድ ነው። 3 ሚሊዮን ብር ዕዳ በ16 በመቶ በቀን 1,315 ብር ገደማ ይወልዳል። መግለጫው ከተሰላ ከ10 ቀን በኋላ ክፍያው ከተፈጸመ 13,150 ብር ይጎድላል፤ ነባሩ ባንክም እሷ ካልተከፈለች ካርታውን አይለቅም። መግለጫው ላይ የቀን ወለዱ መጠን ለብቻው እንዲጻፍ ያድርጉ፣ ትንሽ ትርፍ ገንዘብም ይዘው ይጠብቁ።

ያዋጣል ወይ የሚለውን በወረቀት ያስሉት። በ3 ሚሊዮን ላይ የ2 በመቶ ቅናሽ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 60,000 ብር ያተርፋል፤ ከዚያ ላይ የግምት፣ የምዝገባ፣ የአገልግሎት እና የመድን ወጪዎችን፣ ቅጣት ካለም ቅጣቱን ይቀንሱ። አንድ ዓመት ብቻ ለቀረው ብድር አብዛኛውን ጊዜ አያዋጣም። ደግሞም ነባሩን ባንክ ሳይጠይቁ አይሂዱ። የአዲሱን የማጽደቂያ ደብዳቤ ይዘው ሲቀርቡ ነባሩ ራሱ ወለድ የሚቀንስበት ጊዜ አለ፤ ያኔ የፉክክሩን ጥቅም ከወንበርዎ ሳይነሱ አገኙት።

ገንዘቤን አዲስ ባንክ ውስጥ ማስቀመጥ ያሰጋል?

በደንብ ቁጥር 482/2013 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ባንክ ቢወድቅ ለአንድ ደንበኛ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። ሽፋኑ በየባንኩ ነው፤ 200,000 ብር በሁለት ባንክ ከፍሎ ማስቀመጥ ሁሉንም ከመድኑ ሥር ያስገባዋል። አክሲዮን ግን ተቀማጭ አይደለምና አይሸፈንም። ብዙ ሰው አክሲዮን ሲገዛ እንደ ቁጠባ ያየዋል። አይደለም፤ ባንኩ ለዓመታት ትርፍ ላያከፋፍል ይችላል፣ ልሽጠው ሲሉም ገዢ ወዲያው ላይገኝ ይችላል።

ከመውደቅ ይልቅ በተግባር የሚያጋጥመው የጥሬ ገንዘብ እጥረት ነው። ተቀማጩ በጥቂት ትልልቅ አስቀማጮች እጅ የሆነ ባንክ ሁለቱ በአንድ ሳምንት ቢያወጡበት ሌላው ደንበኛ «ነገ ይምጡ» መባል ይጀምራል። ይህን አስቀድሞ ለማወቅ ቀላል መፈተኛ አለ፦ ከመጠቀምዎ በፊት መካከለኛ ገንዘብ አስቀምጠው በሥራ ቀን፣ ሳይነግሩ፣ አብዛኛውን ያውጡ። በዚያው ቀን ወደ ሌላ ባንክም ያስተላልፉ። ሁለቱም ካልተጓተቱ ቀጥሉ። የዓመቱን የሂሳብ ሪፖርት የሚያነቡ ከሆነ ደግሞ ብድሩ ከተቀማጩ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሆነ ይዩ።

ነባር ባንኮች ምን ምላሽ ይሰጣሉ?

እንደ መጠናቸው ይለያያል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከ1,900 በላይ ቅርንጫፎች አሉትና አንድ አዲስ ባንክ መግባቱ አያናውጠውም። የሚጨነቁት መካከለኛዎቹ የግል ባንኮች ናቸው። ቅርንጫፍ ያበዛሉ፣ የሠራተኛ ደመወዝ ይጨምራሉ፣ ሊወሰዱ የሚችሉ ደንበኞችን ለይተው ይጎበኛሉ። ቅርንጫፍ ማብዛቱ ግን የራሱ ዋጋ አለው። የመንገድ ዳር ቤት ኪራይ ይንራል፤ ያ ወጪ ተመልሶ በአገልግሎት ክፍያና በብድር ወለድ ይመጣል። ዘመን ባንክ በ2001 ዓ.ም. ሲጀምር በአንድ ቅርንጫፍ፣ በኤቲኤምና በስልክ አገልግሎት ትልልቅ ደንበኞችን ብቻ ማገልገልን የመረጠው ይህን ወጪ ለመሸሽ ነበር፤ በኋላ እሱም ቅርንጫፎችን ከፍቷል።

ግንቦት 2013 ዓ.ም. የጀመረው ቴሌብር ደግሞ ፉክክሩን ከባንክ ውጭ አወጣው። ትንንሽ ክፍያዎችን በተመለከተ ብዙ ባንኮች ዛሬ የሚፎካከሩት ከጎረቤት ባንክ ይልቅ ከስልክ ጋር ነው።

የውጭ ባንኮች ሲገቡስ?

በአዋጅ ቁጥር 1360/2017 መሠረት የውጭ ባንክ ተቀጥላ ኩባንያ (በእሱ ባለቤትነት ሥር ያለ ባንክ) ወይም ቅርንጫፍ መክፈት፣ ወይም ከአገር ውስጥ ባንክ አክሲዮን መግዛት ይችላል። በአገር ውስጥ ባንክ ውስጥ የውጭ ባለቤቶች ድርሻ በድምሩ ከ49 በመቶ፣ የአንድ ስትራቴጂያዊ ባለሀብት (ትልቅ ድርሻ የሚገዛ የውጭ ተቋም) ደግሞ ከ40 በመቶ መብለጥ አይችልም።

መጀመሪያ የሚነኩት ትልልቅ ደንበኞችን ነው፦ አስመጪና ላኪዎች፣ የውጭ ኩባንያዎች፣ ኤልሲ (ባንክ ለውጭ ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) የሚከፍቱ ድርጅቶች። የወረዳ ቆጣቢን ፍለጋ ይሄዳሉ ብለን አንጠብቅም። ለአገር ውስጥ ባንኮች ሕመሙ የሚመጣው ግን ከዚያው ነው፤ ከአገልግሎት ክፍያ የሚያገኙት ትርፍ ዋና ምንጩ የውጭ ንግድ ነውና።

ውጭ አገር ሆኜ ገንዘብ ብልክ ፉክክሩ ይጠቅመኛል?

አዎ፣ በተለይ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባንኮች የምንዛሬ ዋጋቸውን ራሳቸው ይወስናሉ፤ የውጭ ምንዛሬ የሚያስፈልጋቸው አዳዲስ ባንኮችም በዋጋ ለመሳብ ይሞክራሉ። 500 ዶላር ሲልኩ የ1 ብር ልዩነት 500 ብር ነው። ማወዳደር ያለብዎት የተለጠፈውን ዋጋ ሳይሆን የላኪ ድርጅቱ ክፍያ ተቀንሶ እናትዎ እጅ የሚገባውን ብር ነው። ስጦታና ዕጣ የሚያስተዋውቅ ባንክ ምንዛሬው ዝቅ ብሎ ከሆነ ስጦታውን የከፈሉት እርስዎ ነዎት።

ባንክ ስቀይር ምን ልጠንቀቅ?

በእንግሊዝ ከ2013 ጀምሮ፣ በእስራኤል ከ2021 ጀምሮ (ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር) ደንበኛው ከጠየቀ ክፍያዎቹ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ በነፃ ወደ አዲሱ ባንክ ይዞራሉ። በኢትዮጵያ ግን ሥራው የደንበኛው ነው፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው ቅር እያለው ይቆያል።

አዲሱን ሂሳብ ይክፈቱ፤ ፋይዳ መታወቂያዎንና በራስዎ ስም የተመዘገበ ስልክ ቁጥር ይዘው ይሂዱ። የንግድ ሂሳብ ከሆነ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ፣ ማኅበር ከሆነም መመሥረቻ ጽሑፍና ሂሳብ ለመክፈት የተወሰነበት ቃለ ጉባኤ ይጨምሩ። አሮጌውን ወዲያው አይዝጉት። ሁለት የደመወዝ ወቅት ያህል ጎን ለጎን ያቆዩት፤ በዚያ ጊዜ አልፎ አልፎ ገንዘብ የሚልክልዎት ሰው፣ ያልተመነዘረ ቼክ፣ የሚቆረጥ የመድን ክፍያ ብቅ ይላል። ቼክ ጽፈው ከሰጡ በተለይ ይጠንቀቁ፤ ባዶ በሆነ ሂሳብ ላይ የተመለሰ ቼክ በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል።

ሁሉም ከጠራ በኋላ ያልተጠቀሙባቸውን የቼክ ቅጠሎችና የኤቲኤም ካርዱን መልሰው፣ ሂሳቡ ስለመዘጋቱ ደብዳቤ ተቀብለው ይውጡ። ቅርንጫፉ መዝጋቱን ካጓተተ ጥያቄዎን በጽሑፍ ለዋናው መሥሪያ ቤት የደንበኞች ቅሬታ ክፍል ያስገቡ፤ የገባበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ያለበት ቅጂ ይያዙ። መልስ ካጡ በዚያ ቅጂ ለብሔራዊ ባንክ ማመልከት ይችላሉ።